ሆዳችሁን በግምት አታክሙ

ልጆች፣ ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር አንድ ዓሣ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የተጠበሰ ቀረሶ መጣላቸው። አንዷ ዳቦውን በጣቷ ገፋ አድርጋ «እኔ ግሉተን አይስማማኝም» አለች። ጎኗ ያለው ልጅ ደግሞ «እኔን ሽሮ ራሱ ይነፋኛል፤ ጃርዲያ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ከኪሱ ቲኒዳዞል አውጥቶ አሳያት። ጃርዲያ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ቲኒዳዞል መድኃኒቱ። ማን አዘዘልህ ያለው ግን የለም። ልጅቷም ዳቦውን ገፍታ ዓሣውን ጎረሰች። ዓሣው ግን፣ ያው ግሉተን ባለበት በስንዴ ዱቄት ተለውሶ ነው የተጠበሰው። ስገባ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲለውሱት አይቻለሁ።

ልናገር አልናገር እያልኩ ዝም አልኩ። የማያውቋት ሴትዮ ድንገት ተነስታ ስለ አንጀት ብታወራ ማን ይሰማታል? ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስተኛኝ አለ። ይኸው እጽፋለሁ።

31 ዓመት የሠራሁት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያየሁትን ሰገራ ብዛት ፈጣሪ ይቁጠረው። (ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ይቅርታ።) ከዚያ ሁሉ ስላይድ ዛሬም ድረስ የሚመጣብኝ አንድ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከገጠር መጥታ፣ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር ልጅ ነበረች። ቀጭን ናት። ዓይኗን ገልበጥ ስታደርጉት ነጭ ነው፣ ደም የለም። ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ይተዋታል፣ ደግሞ ያስቀምጣታል። ክረምት አገሯ ስትሄድ ይሻላታል። መስከረም ስትመለስ እንደገና ይጀምራታል። እኛም «የባሕር ዳር ውኃ አልተስማማትም» አልን። ተቀምጣ የምትማርበት ቤት ዳቦ ቤት መሆኑን ያኔ የጠየቃት የለም። አገሯ የዳጉሳና የጤፍ እንጀራ ነው የምትበላው፤ እዚህ ግን ጠዋትም ማታም ዳቦ።

ሰገራዋን ሦስት ጊዜ አየሁት። ምንም የለም። በአራተኛው ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ጃርዲያ?» ብሎ ጽፎ ላካት። ደጅ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቀኑም ዓርብ ነበር። አንድ ድብልብል ነገር አየሁ። የአየር አረፋ ሊሆን ይችላል፣ የእህል ርዝራዥ ሊሆን ይችላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ሐኪሙ የሚጠብቀውን አውቅ ነበርና «የጃርዲያ ሳይስት ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። (ሳይስት ማለት ጃርዲያው ሽፋን ለብሶ በሰገራ የሚወጣበት መልኩ ነው።) መድኃኒት ተሰጣት። አልተሻላትም። እንደገና ተሰጣት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ገበያ መሐል ተገናኘን። እሷ ናት ያወቀችኝ። አዲስ አበባ ሄዳ፣ ከትንሹ አንጀቷ ቅንጣት ናሙና ተወስዶ፣ ሴሊያክ መሆኑ ታውቋል። «ዳቦው ነበር እኮ እትዬ» አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሴሊያክ ምንድን ነው ለምትሉ፣ አለርጂ አይደለም። ግሉተን ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ስትጎትቱት እንደ ማስቲካ የሚሳበው በእሱ ነው። የጤፍ ሊጥ ጎትቱ እስቲ፣ ይበጠሳል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ አካሉ መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። የአንጀቱ ውስጠኛ ገጽ እንደ አዲስ ፎጣ ጸጉራም ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በዚያ ነው። በሽታው ፎጣውን ላጭቶ ላጭቶ ነጠላ ያደርገዋል። ከዚያ ብትበሉ ባትበሉ ያው ነው፤ ብረቱም ሌላውም ሳይመጠጥ ያልፋል። የዚያች ልጅ ደም ማነስ ከዚህ የመጣ ነበር።

ጥፋቱ የዳቦው መሆኑን አጥብቆ ያሳየው ዊሌም ዲክ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ላይ አገሩ በረሃብ ተመታች፣ ዳቦ ጠፋ፣ ሰው የአበባ ሥር ሳይቀር በላ። ሌላው ሕፃን ሲከሳ የሴሊያክ ሕፃናት ግን ተሻላቸው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ሐኪሙ ዓይን ነው። ሕፃኑ ምን እንደበላ ጠይቋል። እኛ አልጠየቅንም።

አሁን ወደ አንጀት ባክቴሪያው ልምጣ፤ የልጆቹ የዳቦም የቲኒዳዞልም ወሬ ከእሱ ጋር ይያያዛል።

ሴሊያክ በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለው። ነገር ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ከ100 ሰው ከ30 እስከ 40 የሚሆነው ያንን ዘረመል ይዞ ሲዞር፣ በሽታው የሚነሳበት ከ100 አንድ ሰው ገደማ ብቻ ነው። ዳቦውንማ ሁሉም ይበላል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ተጠርጣሪ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ብቸኛው አይደሉም፣ የቫይረስ ሕመምም ይጠረጠራል። ግን እንጀራ የሚጋግር ሰው የእነሱን ነገር ቶሎ ይረዳዋል።

እኔና ጎረቤቴ ጤፍ የምንገዛው ከአንድ ነጋዴ ነው። ውኃችንም አንድ ነው። የእሷ እንጀራ ዓይናማ ነው፣ በሦስተኛው ቀንም አይደርቅም። የእኔ አንዳንዴ ድፍን ይላል፣ ይኮመጥጣል። ልዩነቱ እርሾው ነው። እርሾ ማለት የተከማቹ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ አንድ ዱቄት በአንዱ ቤት እንዲህ፣ በሌላው ቤት እንዲያ የሚሆነው በእነሱ ነው። ሆዳችሁም የራሱ እርሾ አለው። በሰውነታችን ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ 38 ትሪሊዮን ይገመታሉ፤ ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን ሩብ ኪሎ ቅቤ አያህሉም።

ግሉተን ለሆድ አስቸጋሪ ነው። የእኛ ኢንዛይም ሙሉ በሙሉ አይቆራርጠውም፤ ረጃጅም ቁራጭ ይተርፋል። የተረፈውን የሚነካካው ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ደስ የሚል ነገር አሳዩ። ከሴሊያክ ሕሙማን አንጀት የተገኘ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ግሉተኑን ሲቆርጠው፣ ቁራጩ የአንጀትን ግድግዳ ይበልጥ የሚያልፍና መከላከያውን ይበልጥ የሚያስቆጣ ሆነ። ከጤነኛ ሰው የተገኘው ላክቶባሲለስ ደግሞ ያንኑ ቁራጭ አድቅቆ ቁጣውን አበረደው። ላክቶባሲለስ የእርጎና የእንጀራ እርሾ ቤተሰብ ነው። ሥራው የተሠራው በአይጥና በላብራቶሪ ስለሆነ ገና መድኃኒት አልሆነም። ባክቴሪያ በካፕሱል እያሸጉ «ሴሊያክን ያድናል» የሚሏችሁን አትስሟቸው። ለሴሊያክ ያለው ሕክምና አንድ ነው፤ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልበላችሁ። «እንጀራ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ስላለው ለሆድ መድኃኒት ነው» የሚል ወሬ ስልኬ ላይ በየቀኑ ይመጣል። ኧረ ምጣዱ! ያ ሁሉ ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ያልቃል። እርሾው ጥቅሙን የሰጠው ገና ቡሃቃ ውስጥ ሳለ ነው፤ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር አፍርሶ እህሉን ለሆድ አላልቶታል። ይህ ይበቃዋል። ደግሞ ቦክቷል ተብሎ ስንዴ ወይም ገብስ የገባበት እንጀራ ለሴሊያክ ይሆናል ማለት አይደለም። የቤታችን እርሾ ግሉተኑን አጥፍቶ አይጨርሰውም።

ወደዚያ ቲኒዳዞል የያዘው ልጅ ልመለስ። ልጄ፣ እውነተኛ ጃርዲያ ካለብህ መድኃኒቱ ግሩም ነው፣ ዋጠው። ጃርዲያ ቀልድ አይደለም፤ እሱም አንጀቱን ሊጎዳው፣ ከዳነም በኋላ ለሳምንታት ወተት እንዳይስማማ ሊያደርግ ይችላል። ግን ቲኒዳዞልና ዘመዱ ሜትሮኒዳዞል ጃርዲያን ብቻ አይደለም የሚመቱት። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖረውን ባክቴሪያ ሁሉ ይመታሉ፤ አብዛኛው የአንጀት ባክቴሪያ ደግሞ እንደዚያ ነው የሚኖረው። ሆድህ በነፋህ ቁጥር ሳትመረመር መዋጥ፣ አንድ አይጥ ለመግደል ቤቱን እንደማቃጠል ነው። ለዚያውም አይጧ ካለች!

የሽሮው ነገር ደግሞ ምናልባት በሽታም ላይሆን ይችላል። ሽምብራና አተር ውስጥ አንጀታችን የማይፈጨው የስኳር ዓይነት አለ። ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያው ይበላዋል፣ ጋዝ ያወጣል። ሽንኩርትና ስንዴ ውስጥም ፍሩክታን የሚባል የዚህ ዘመድ አለ። ኖርዌይ ውስጥ «ግሉተን አይስማማንም» የሚሉ፣ ሴሊያክ ግን የሌለባቸውን 59 ሰዎች ይዘው ምን እንደሆነ ሳይነግሯቸው አንዴ ግሉተን፣ አንዴ ፍሩክታን፣ አንዴ ሁለቱም ያልተጨመሩበትን ባዶውን አበሏቸው፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በጠቅላላው ሲታይ ይበልጥ የነፋቸው ፍሩክታኑ ነበር። ግሉተኑ ከባዶው አልተለየም። እንግዲህ ዳቦውን ገፍታ በሽንኩርት የታጨቀ ወጥ የምትበላ ልጅ ምን አተረፈች? ወተትም እንደዚሁ ነው። ከልጅነት በኋላ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ብዙዎቻችን ላይ ይቀንሳል። እርጎ ሲሆን ስኳሩን ባክቴሪያው በከፊል ስለሚበላው ይቀላል። ወተት የማይስማማውን ሰው እርጎ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሆዳችሁ ተነፍቶ በሦስተኛው ሳምንት ዝም የሚልበትን ነገር አስተውላችኋል? ባክቴሪያውም የመጣለትን ይለምዳል።

እና ዳቦ ይጎዳኛል ብለሽ የምትጠረጥሪ ልጅ፣ ዳቦውን ከመተውሽ በፊት ተመርመሪ። ይህን አደራ። ለሴሊያክ መጀመሪያ የሚታየው የደም ምርመራ ነው፤ ትራንስግሉታሚኔዝ በሚባል ነገር ላይ የተነሳ ፀረ እንግዳ አካል ይፈለጋል። እሱ የሚገኘው ግን እየበላሽ ከሆነ ብቻ ነው። ለወራት ትተሽ ከሄድሽ አንጀትሽ ያገግማል፣ ደምሽ ንጹሕ ይሆናል፣ የላብራቶሪ ባለሙያዋም «ምንም የለብሽም» ትልሻለች፤ ያኔ እውነቱን ለማወቅ እንደገና ለሳምንታት ዳቦ ብይ ትባያለሽ። ምርመራው በየክሊኒኩ ስለማይኖር አስቀድመሽ ጠይቂ። እናትሽ፣ አባትሽ፣ ወንድም ወይ እህትሽ ሴሊያክ ካለበት ደግሞ ምልክት ባይኖርሽም ተመርመሪ፤ ከ10 አንዱ ገደማ ላይ ይገኛል።

ከተገኘብሽም ሰማይ አይደፋም። ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ የፎገራ ሩዝ አለልሽ። ፈረንጅ በውድ ዋጋ የሚገዛው እኛ ጓዳ ነው ያለው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የገብስ ቆሎ ቀረ፣ በሶ ቀረ፣ ቂንጬ ቀረ፣ ጠላውም የገብስ ብቅል ካለበት ቀረ። ጤፍ ሲወደድ ገበያ ላይ ያለ እንጀራ ምን ምን እንደተቀላቀለበት ጋጋሪዋ ናት የምታውቀው። ከሁሉም የሚያስቸግረው ወፍጮ ቤቱ ነው። ከግሉተን ነፃ ለመባል በዓለም አቀፍ ደረጃ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ከፊትሽ የነበረው ሰው ስንዴ ካስፈጨ፣ ወፍጮው አፍ ላይ የቀረው ዱቄት ጤፍሽን ከዚያ ሊያሳልፈው ይችላል።

ይህን ያስተማረችኝ ያቺው የድሮ ልጅ ናት። አሁን የልጆች እናት ሆናለች። ጤፏን ተሸክማ ወፍጮ ቤት የምትደርሰው ገና በሩ ሳይከፈት ነው፤ ወፍጮው ተጠርጎ ተራዋ አንደኛ እንዲሆን። የራሷ ወንፊት፣ የራሷ ቡሃቃ፣ የራሷ ምጣድ አላት።

ባለፈው ጥር ቤቴ መጣች። እኔም ለእሷ ብዬ ከዋዜማው ጀምሬ አቡክቼ፣ ለብቻው ጋግሬ፣ «ንጹሕ ጤፍ ነው፣ ምንም አልተቀላቀለበትም» አልኳት ኮራ ብዬ። እንጀራውን አየችው። ዓይኑ ደግሞ ያን ቀን አምሮ ወጥቷል።

«የት ነው ያስፈጩት እትዬ?»

ልጁን ነው የላክሁት። ከእሱ በፊት ማን ምን እንዳስፈጨ አላውቅም። «የጤፍ ወፍጮ ይመስለኛል» አልኳት።

«ይመስለኛል» ብላ ሳቀች። ቡናዋን እስከ በረካ ጠጣች፣ ከቁርሱም ፈንዲሻውን ብቻ ዘግና በላች። ቆሎውን ወደ እኔ ገፋችው።