ሶላር ቆይቶ ለሚገባለት ሕንፃ አሁን ምን ይዘጋጅ? ከደብረ ብርሃን ልምድ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ጂ+4 የንግድ ሕንፃ እየሠሩ ነው። ሁለት ሶሌታ ተሞልቷል፤ ሦስተኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞላል። ምድሩን ለካፌና ለፋርማሲ፣ ላይኛውን ለቢሮ ሊያከራዩ አስበዋል። የሶላሩ ገንዘብ አሁን የለም፤ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ግን ማስገባት ይፈልጋሉ። «በኋላ እንዳላፈርስ አሁን ምን ላዘጋጅ?» ነው ያሉት።

በሰዓቱ ጠይቀዋል። እኔ በኤሌክትሪክ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ላይ ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው ሶላር ሲባል ቶሎ የሚያስበው ጣሪያውን ነው። እኔን ብዙ ያለፋኝ ግን ምድር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርድ ነው።

አንዴ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሥራው ያለቀለት ሕንፃ ላይ ሶላር እንድንገጥም ተጠራን። ሴራሚኩ ተነጥፏል፣ የጂፕሰም ኮርኒሱ ተሠርቷል፣ ተከራይ ገብቷል። ከጣሪያ ወደ ታች የሚወርድ አንድም ቱቦ አልነበረም። ሽቦውን በውጭ ግድግዳ ላይ በላሜራ ሸፍነን አወረድነው። ያም ሆኖ ያ ቀላሉ ነበር። በየፎቁ ያለው ቦርድ ሲከፈት መብራቱ፣ ሶኬቱ፣ ምጣዱ፣ የውሃ ማሞቂያው ሁሉም ተደባልቆ ታስሯል። የቱ ከባትሪ ይሥራ፣ የቱ አይሥራ ብሎ መለየት አልተቻለም። ለሁለት ፎቅ እንደገና ሽቦ ሳብን። ኮርኒስ ተቀደደ፣ ልስን ተፈለፈለ፣ ተከራዮች ሱቃቸውን ዘጉ። ባለቤቱ ከሶላሩ ዋጋ ይልቅ ያ አንገበገባቸው፤ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ከቦርዱ ልጀምር። ባትሪ የሌለው፣ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመር ጋር ተያይዞ የሚሠራ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፀሐይ ጠራርጋ ወጥታ እንኳ ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ከኋላ በሚመጣ ኃይል እንዳይመታው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሲጠፋም እንዲሠራልዎ ከፈለጉ ባትሪና ሃይብሪድ ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ ይህ የፓናሉንና የባትሪውን ኃይል ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት የሚቀይርና ከመስመሩም ጋር የሚሠራ መሣሪያ ነው። የባትሪው ዋጋ ደግሞ የሚወሰነው በምን በምን እንደሚጭኑበት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የካፌው ቡና ማሽንም ብዙ ጊዜ ከዚያ አያንስም። የፋርማሲው ፍሪጅ፣ የኤልኢዲ መብራቶች፣ የሒሳብ ማሽኑ፣ ካሜራውና ዋይፋዩ ተደምረው ብዙ ጊዜ የዚያን ግማሽ አይሞሉም።

እናም በየፎቁ ሁለት ቦርድ ያሠሩ። ቢያንስ ቦርዱ ለሁለት የተከፈለ ይሁን። በአንዱ መብራት ሲጠፋ መቆም የሌለበት ይታሰር። በሌላው ከባድ የሚስበው ሁሉ። አሁን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይመገባሉ፤ ምንም ልዩነት አይታይዎትም። ሶላሩ ሲመጣ የመጀመሪያውን መመገቢያ ነቅሎ ወደ ኢንቨርተሩ ማዞር ብቻ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ። ኒውትራሉም (ኃይል ከሚያመጣው ከፌዙ ጋር የሚሄደው መመለሻ ሽቦ) አብሮ መለየት አለበት። ይህን ብዙ ባለሙያ ይዘነጋዋል። ፌዙን ለይቶ ኒውትራሉን አንድ ላይ ያስረዋል። በኋላ ኢንቨርተር ሲገባ የንክኪ መከላከያው ብሬከር እየወደቀ ያስቸግራል፤ ምክንያቱን ለማግኘት ቀናት ይፈጃል። በዚህ ላይ ኤሌክትሪሻንዎን ጠንከር ብለው ይያዙት።

ቀጥሎ ዋናው ቦርድ። ውስጡ ያለው ባስባር፣ ማለትም ብሬከሮቹ የሚታሰሩበት የብረት ዘንግ፣ ከመስመርም ከሶላርም የሚመጣውን ባንዴ የሚችል ይሁን። ለምሳሌ ዋና ብሬከርዎ 160 አምፔር ቢሆን፣ ወደፊት የሚመጣው የሶላር ብሬከር ደግሞ 63 ቢሆን፣ ድምሩ 223 ነው። ስለዚህ የ250 አምፔር ባስባር ይያዝ። አሁን የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው። በኋላ ግን ሙሉ ቦርድ መቀየር ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ብሬከር የሚቀመጥበት ባዶ ቦታም ይተውለት፤ «ለሶላር» ተብሎ ይጻፍበት። አለዚያ ነገ ተከራይ ሲጨመር ቦታውን ይወስዱታል።

ቆጣሪውንም አሁን ያስቡበት። ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ ከገባ፣ ሶላሩ በየትኛው ቆጣሪ ሥር ይሆናል? ከደረጃው መብራት፣ ከውሃ ፓምፑና ከጥበቃው መብራት ጋር በእርስዎ የጋራ ቆጣሪ ሥር ቢጀመር ይቀላል። የሁሉም ቆጣሪ መውጫ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ይሰብሰብ። በኋላ ለፋርማሲው ቢሰጡ እንኳ ሽቦው እዚያው አለ ማለት ነው። የተረፈውን ወደ መስመር ለመላክ ግን ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ሳይነጋገሩ አይሞክሩት። ጄኔሬተር ካለዎት ደግሞ ሶላሩ ኃይል ወደ ጄኔሬተሩ መልሶ እንዳይገፋ በቼንጅ ኦቨሩ (ከመስመር ወደ ጄኔሬተር በሚያዞረው ማብሪያ) ላይ ይታሰብበት።

አሁን ወደ ሶሌታው፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ከጣሪያ እስከ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ድረስ የራሱ መውረጃ ይኑረው። ለዲሲ ሽቦ (በቀጥታ ከፓናል ለሚወርደው) ሁለት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ለኤሲ (ቤት ውስጥ ለምንጠቀመው ዓይነት ኃይል) አንድ፣ ለዳታ አንድ ባለ 25 ይበቃል። ዲሲና ኤሲ በአንድ ቱቦ አይሂዱ። የዲሲ ሽቦ ፀሐይ እስካለች ድረስ ኃይል አለው። ዋናው ብሬከር ቢወርድም እሱ አይሞትም። ስለዚህ ሌላ ጠጋኝ ሳያውቅ የማይነካው መንገድ ይኑረው። ለቀሪዎቹ ሶሌታዎች ከቱቦ ይልቅ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መተው የተሻለ ነው፤ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር። በተሞሉት በሁለቱ ላይ ግን መበሳት ግድ ነው። የት እንደሚበሳ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ያሳይ። ቢም ፈጽሞ አይነካም።

እኔ ራሴ የተማርኩበትን ልንገርዎ። አንድ ሕንፃ ላይ ቱቦዎቹን ከፌሮው ጋር በደንብ አስረን ሶሌታው ተሞላ። የቱቦዎቹን አፍ ግን አልደፈንኩም። መጎተቻ ገመድም አላስገባሁም። ከዓመት በኋላ ሽቦ ልንስብ ስንሄድ ከአራቱ ሁለቱ በሲሚንቶ ውሃ ተዘግተው አገኘን። ስለዚህ አፉ በክዳን ይደፈን። ጠንካራ የናይለን ገመድ ከዳር እስከ ዳር ይግባ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ጫፍ ደግሞ እንደ ከዘራ ወደ ታች ይታጠፍ፤ የክረምቱ ዝናብ እንዳይገባ።

የኢንቨርተሩና የባትሪው ክፍል የት ይሁን? ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ጣሪያ ላይ በቆርቆሮ ጎጆ ሠርቶ እዚያ ያስቀምጠዋል። ውርጭ በሚወርድበት ወቅት አይሆንም። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን መሙላት የለበትም፤ ውስጡ ይጎዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ ነው ባትሪውን የሚያስረጀው። ለእርስዎ ከሕንፃው ውስጥ ይሁን። በላዩ መጸዳጃ ቤት የሌለበት፣ አየር የሚገባበት፣ 2 ሜትር ያህል ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ይምረጡ። ወለሉም ክብደት ይቻል። አንድ ባለ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ብርዱን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኋላ ቢሆንም ማስታወሻዎ ላይ ይስፈር። ፓናል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። 550 ዋት የሚባለው ፓናል ምንም ሳይጫንበት 50 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ያ ግን በ25 ዲግሪ ነው። አሥሩን በተከታታይ ካሰሩ 500 ቮልት ይሆናል። በታኅሣሥ ማለዳ በዜሮ ዲግሪ ግን 530 ያልፋል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች ከ500 በላይ አይችሉም። ለቆላ ተሰልቶ የመጣ ዲዛይን እዚህ ጠዋት ላይ ኢንቨርተር ሲያቃጥል አይቻለሁ። ከፍታውም አለ። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ኢንቨርተር ሙሉ አቅሙ የሚነገርለት እስከ 2,000 ሜትር ነው። ሲገዙ ይህን ይጠይቁ።

ጣሪያው ላይ ዋናው ጉዳይ ሮቶው (የውሃ ታንከሩ) ነው። ብዙ ጊዜ ቦታ ሳይታሰብለት መሐል ላይ ይቀመጥና ጥላው ፓናሉን ይበላዋል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። 2 ሜትር ቁመት ያለው ሮቶ በእኩለ ቀን 1.3 ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ጠዋትና ማታ ደግሞ ይረዝማል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ያኔ ግን ከፍ ስለምትል ጥላው አጭር ነው፣ በሰኔ ግማሽ ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ሮቶውም፣ የደረጃው ቤትም፣ ዲሹም በሰሜን ጠርዝ ይሰብሰቡ። ደቡቡ ክፍት ይሁን።

ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት 5 ካሬ ሜትር ያህል ፓናል ያስቡ፤ መተላለፊያው ሳይቆጠር። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ለመሐንዲሱ በካሬ እስከ 20 ኪሎ ተጨማሪ ጭነት እንዲይዝ ይንገሩት። የእኛ አገር ነፋስ ወደ ላይ የሚገነጥለውንም ያስላ። ሶሌታ ከሆነ የፓናሉ እግር የሚቆምባቸው የኮንክሪት ጉቶዎች ከውሃ መከላከያው በፊት ይሠሩ። ከዚያ በኋላ መብሳት ማለት ለሚያፈስ ጣሪያ መጋበዝ ነው።

ኧርዙን (ኃይል ሲያመልጥ ወደ መሬት የሚያወርደውን) ግቢው ሳይነጠፍ ይጨርሱት። ደብረ ብርሃን ብዙ ቦታ ትንሽ ሲቆፈር ድንጋይ ይመጣል። አንድ ዘንግ ቀብሮ መሄድ አይበቃም። ሁለት ሦስት ቦታ ተቆፍሮ በመዳብ ይያያዝ፣ በመሣሪያ ይለካ። ከጣሪያ እስከዚያ ድረስ የሚመጣ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የኧርዝ ሽቦም ከአሁኑ ይውረድ።

ፓናልና ኢንቨርተር ግን አሁን አይግዙ፤ ርካሽ ተገኘ ቢባልም። ተቀምጦ ዋስትናው ያልፋል፤ ዕቃውም በየጊዜው እየተለወጠ ነው። ገንዘብዎን ኮንክሪትና ልስን ውስጥ በሚቀበረው ላይ ያውሉት።

ሦስተኛው ሶሌታ ከመሞላቱ አንድ ቀን በፊት ፎርማኑ ቱቦዎቹንና ክፍተቱን ጨርሶ ያሳይዎት። ከሜትር ጋር ፎቶ ያንሱትና እዚህ ይለጥፉት። ኮንክሪቱ ሳይመጣ አይቼ የጎደለውን እነግርዎታለሁ።