«ዲቢኤ በዓመት ይጨረሳል» ብለውኛል፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኤምቢኤ ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ አሁን ደግሞ ዲቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት፣ አስቤያለሁ። ከውጭ ትምህርት ቤት ጋር እናገናኝሃለን የሚሉ ሰዎች «ሥራህን ሳትለቅ በኦንላይን ትማራለህ፣ አጠር ያለች ጽሑፍ ታስገባለህ፣ በዓመቱ ዶክተር ነህ» አሉኝ። ደሴ ያለ ጓደኛዬ ግን ኮርሱን ጨርሶ ዲሰርቴሽኑ (የመመረቂያ ጥናቱ) ላይ ከተቀመጠ ሦስት ዓመቱ ነው። ማንን ልመን? ለመጨረስ የሚጠየቀውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጓደኛህን እመን።

የዓመቷን ወሬ እርሳት። ደህና በሚባል ትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሆኖ ዲቢኤ መጨረስ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያ በላይ የሚቆየውም ብዙ ነው። ግን ዝም ብሎ መቆየትም አይቻልም፣ ትምህርት ቤቶቹ የጊዜ ገደብ አላቸው፤ እሱ ካለፈ ብርህንም ድካምህንም ውሃ በላው። ገደቡ ስንት ዓመት እንደሆነ ሳትመዘገብ በጽሑፍ ጠይቃቸው።

ኮርሱ ብዙ አያስፈራህ። ከኤምቢኤው ይልቅ ጠለቅ የሚለው የምርምር ዘዴው ነው፤ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ቃለ መጠይቅ መተንተን፣ ስታቲስቲክስ። በአሜሪካ አካሄድ ከኮርሱ በኋላ ብዙ ቦታ ኮምፕሪሄንሲቭ፣ ማለትም የተማርከውን ሁሉ የሚያጠቃልል ፈተና አለ። በእንግሊዞቹ ዘንድ ክብደቱ ያለው ቲሲሱና (እነሱ የመመረቂያ ጥናቱን የሚሉት ነው) መጨረሻ ላይ በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት የምትቀመጥበት ቫይቫ፣ የቃል ፈተናው፣ ላይ ነው። እዚያ «አስተካክለህ አምጣ» ቢሉህ ወደቅክ ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ሰው የሚባለው ይኸው ነው።

ሰው የሚቀረው ፕሮፖዛሉ፣ ማለትም የጥናት ዕቅዱ፣ ላይ ነው፣ ጓደኛህም እዚያው የተያዘ ይመስለኛል። ፒኤችዲ በዋናነት ንድፈ ሐሳብ ላይ የሚጨምረው ነገር ይፈለግበታል፤ ዲቢኤ ግን ከሥራ ቦታ የመጣ ችግር ይዘህ፣ ሌላው ያልሠራውን፣ በዚያው ጥብቅነት እንድትመረምር ነው የሚጠይቅህ። «የሠራተኛ መልቀቅ በኢትዮጵያ አምራች ዘርፍ» ብለህ ብትሄድ አድቫይዘርህ ወዲያው ነው የሚመልስህ። «አዲስ የተቀጠሩ የስፌት ሠራተኞች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ለምን ይለቃሉ፣ የሱፐርቫይዘሩ አያያዝ ነው ወይስ ደመወዙ የቤት ኪራይ አልችል ብሎ?» ብትለው ግን ቁጭ ብሎ ያናግርሃል።

አሁን አስበው፣ አንተ አለቃ ነህ። ከስፌት ሠራተኞቹ አንዷን ቢሮህ ጠርተህ «ለምን ልትለቂ አሰብሽ?» ብትላት እውነቱን ትነግርሃለች? እኔ ብሆን አልነግርህም። የትምህርት ቤቱ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው፤ ወይ ሌላ ሰው ይጠይቅልህ፣ ወይ አንተ የማታዝበት ፋብሪካ ሂድ። የኮሚቴውን ፈቃድ ሳታገኝ መረጃ ሰብስበህ ብትጠብቃቸው ያ መረጃ ዋጋ የለውም። የፋብሪካውን ፈቃድም በደብዳቤ ያዝ፣ ማኅተም ያለበት። ሥራ አስኪያጁ ሻይ ላይ «ችግር የለም» ያለህን አትቁጠረው፣ ሰውየው ሊቀየር ይችላል።

አንድ የኛ አካባቢ ነገር ልጨምር። «ከጦርነቱ በፊትና በኋላ» እያልክ ለማወዳደር ካሰብክ መጀመሪያ ፋይል ካቢኔቱን ከፍተህ እይ። በ2014 ዓ.ም. ደሴም ኮምቦልቻም ስንቱ ድርጅት እንደተዘረፈ አንተው ታውቃለህ፣ ከማሽኑ ጋር ሰነዱም የጠፋበት አለ። ፕሮፖዛል ካጸደቅክ በኋላ «የ2012ቱ የሠራተኛ መዝገብ የለም» ከምትባል ዛሬ ብታውቀው ይሻልሃል።

ወደ አገናኞቹ እንመለስ። ቤት ስትከራይ ደላላ ስለነገረህ ብቻ ትፈርማለህ? ውኃ አለው ወይ ብለህ ቧንቧውን ትከፍታለህ። ይህም ያው ነው፤ ትምህርት ቤቱ በአገሩ ዶክትሬት እንዲሰጥ የተፈቀደለት መሆኑን ራስህ አጣራ። ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የታወቁት የጥራት ዕውቅናዎች ኤኤሲኤስቢ፣ ኤኩዊስና አምባ ናቸው፤ የሌለው ሁሉ ሌባ ነው አልልህም፣ ያለው ግን ብዙ ጥያቄ ያቀልልሃል። የውጭ ዲግሪ እዚህ ተቀባይነት እንዲያገኝ የአቻ ግምት የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ ብር ሳትከፍል እነሱን ጠይቅ። እንዳትሸወድ። «ጽሑፉን እኛ እንሠራልሃለን» ካሉህማ ስልኩን ዝጋው፣ ዲፌንስ ላይ፣ ጥናትህን በፈታኞች ፊት ስትከላከል፣ ቆመህ የምትመልሰው አንተ ነህ።

ሌላው ጊዜ ነው። ማሽን ቆመ ብለው ሌሊት የሚደውሉልህ ሰው ነህ፣ ስለዚህ ከአሠሪህ ጋር በሳምንት የማትነካ አንድ ቀን ተስማማ።

እስከዚያ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘህ ደሴ ውጣና የጓደኛህን ፕሮፖዛል ከነእርማቱ እየው፣ አድቫይዘሩ ዳር ዳሩን የጻፈበትን ሁሉ። ከእኔ መልስ ይልቅ እሱ ያስተምርሃል። ጓደኛህንም አብሽር በልልኝ፤ ግን የትምህርት ቤቱ ገደብ ስንት እንደቀረው ሰኞ ዕለት ኢሜይል ይጻፍና ይጠይቅ።