ሞዴሉ አላለቀም የሚያስብልህ ዲካሉ ነው

የአንባቢያችን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1/48 መጠን (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) የተሠራ የስፒትፋየር፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ሞዴል ገጣጥሞ ቀለሙን ቀብቶ ከጨረሰ ቆይቷል፤ ግን አልቋል ለማለት አልቻለም። ባየው ቁጥር የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለዋል። ስለዚህ ትንሽ ጥላሸት፣ ትንሽ የዘይት ፍሳሽ፣ ትንሽ ዝገት ይጨምርበታል። ዲካሎቹ፣ ማለትም በውሃ ረጥበው የሚለጠፉት ምልክትና ፊደል የታተመባቸው ቀጫጭን ፊልሞች፣ በአንዳንድ ብርሃን ብርማ ሆነው ይታያሉ። ጓደኛው «ቫርኒሽ ደርብበት፣ ይጠፋል» ብሎት ራሱ በብሩሽ ወፍራም አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀብቶበታል። በመጨረሻ አንባቢያችን የረጨው ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ደግሞ አንዱን ክንፍ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር አልብሶታል። «መቼ ነው በቃ የምለው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ገና «ዝገት» የምትለው ጋ ስደርስ ነው የጠረጠርኩት። የስፒትፋየር ቆዳ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። አንተ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ አይመስለኝም። ዓይንህ አንድ ጥፋት እያየ ነው፣ እጅህ ደግሞ ጥፋቱን በቆሻሻ ሊሸፍነው ይሞክራል። ጥፋቱ ዲካሉ ስር የታሰረ አየር ነው። እሱ እስካለ ድረስ መቶ ጊዜ ብታቆሽሸው ሞዴሉ አያልቅልህም።

ይህችን ነገር በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም አንዴ ከገባችህ ሁለተኛ አትሳሳትም። ማት ቀለም ለዓይን ለስላሳ ይመስላል እንጂ በጣም አጉልተህ ብታየው የታረሰ መሬት ነው፤ ጉብታና ቦይ። ዲካል ስትለጥፍበት ቀጭኑ ፊልም ጉብታዎቹ ላይ ይተኛል፣ ቦዮቹ ውስጥ አየር ይቀራል። ብርሃን ፊልሙን አልፎ ቀለሙ ጋ መድረስ ነበረበት። መሃል ላይ ግን አየር ያገኛል። የፊልሙ የብርሃን ስብረት መጠን 1.5 አካባቢ ነው፣ የአየር 1.0 ነው። ብርሃን እንዲህ ዓይነት ልዩነት ባገኘ ቁጥር ወደ 4 በመቶ የሚሆነው ተመልሶ ይወጣል። ከፊልም ወደ አየር ሲሻገር አንዴ፣ ከአየር ወደ ቀለም ሲሻገር ደግሞ እንደገና። ቦዮቹ ብዙ ስለሆኑ የተመለሰው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ብርማ ሆኖ የሚታይህ ይኸው ነው። ከዲካሉ በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቢኖር ቦዮቹ ይሞሉ ነበር። ቫርኒሹም ፊልሙም ብርሃንን የሚሰብሩት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ ብርሃኑ ሳይደናቀፍ ቀለሙ ጋ ይደርሳል፣ ፊልሙም ከዓይን ይጠፋል። አየሩ ያለው ከታች ነው። ጓደኛህ ቫርኒሹን የደረበው ከላይ ነው። ለዚህ ነው ያልሠራው፤ እንዲያውም ሥራ ጨመረብህ።

ርካሽ ኪት (የሚገጣጠመው ሞዴል ከነሳጥኑ) ውስጥ የሚመጣው ዲካልም የራሱ ጥፋት አለበት። ፊልሙ ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ ሞዴሉ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ውስጥ አይገባም። ኪቱ ላይ ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ቢያንስ ዲካሉን ለብቻው የተሻለ ቢገዛ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። መስኮት ክፈት፣ ማስክ አድርግ። የአቧራ ማስክ ማለቴ አይደለም፤ እሱ የቲነርን ትነት አያስቆምም። የኦርጋኒክ ትነት ካርትሪጅ ያለው መሆን አለበት።

መጀመሪያ የተትረፈረፈውን ቆሻሻ ቀንስ። የጆሮ ጥጥ በኢናሜል ማቅጠኛ ትንሽ አርጥበህ ከአፍንጫው ወደ ጭራው አቅጣጫ ጥረግ። ከላይ ያለው ይለቅልሃል። ቫርኒሽ ስር የገባውን ተወው፤ እሱን ለማውጣት ስትፈትግ ቀለሙን ትልጣለህ።

ሲደርቅ ብርማ የሆነውን ቦታ ሁሉ በቀጭን መርፌ ውጋ። ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ፣ ቀጥ አድርገህ። ያ ወፍራም ቫርኒሽ ስላለ መርፌው እሱንም ፊልሙንም ማለፍ አለበት፣ አለበለዚያ ፈሳሹ አይገባም። ከዚያ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ በብሩሽ ጫፍ ነካ አድርግበት። በፊት ግን የክንፉ ሆድ ላይ ሞክረው፣ አንዳንዱ ፈሳሽ አክሪሊክ ቀለምን ይበላል። ዲካሉ ይጨማደዳል፣ ትደነግጣለህ፣ እንዳትነካው! ሲደርቅ ራሱ ይተኛል። ብርማው ከቀረ እንደገና ውጋና ድገም። ሦስት አራት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ከዚያም በኋላ እንቢ ካለ ፊደልና ምልክት የሌለበትን የፊልም ጠርዝ በአዲስ ምላጭ ቆርጠህ አንሳው።

ጓደኛህ የተወውን የብሩሽ ሰንበር በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ በስሱ አስተካክል። ዲካሉ ጋ ስትደርስ አቁም።

ጉሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እርጥበት ባለው ቀን ከመርጨት ወይም ጣሳውን በደንብ ካለመነቅነቅ ነው። የማት ቫርኒሽ ዱቄት ታች ስለሚረጋ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ መነቅነቅ አለብህ። እነዚያ ርካሽ ጣሳዎች ደግሞ አፋቸው እየተፋ ነው የሚረጨው፤ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳትሞክር ሞዴል ላይ አታዙር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀጭን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ስትረጭበት አብዛኛው ጉም ይጠፋል፣ የወጋኸውንም ቀዳዳ ይደፍንልሃል። በላዩ ላይ ያለው አክሪሊክ ከሆነ አንተም አክሪሊክ ተጠቀም፤ ላከር የሚባለው ኃይለኛ ቫርኒሽ ስሩ ያለውን ሊያሸበሽበው ይችላል። አንድ ቀን አቆየው። ከዚያ አሽትተው፣ የቫርኒሽ ሽታ ካለው ገና አልደረቀም። ሽታው ሲጠፋ ማቱን በስሱ ሁለት ሦስት ዙር ርጭ። ማስኩን አሁንም አድርግ። «አንድ ዙር ብቻ ነው» እየተባለ ነው ሳንባ የሚጎዳው። እሳትና ሲጋራም ከአካባቢው ይራቅ።

አሁን ጥያቄህ ጋ ደረስን። ማቱን ከመርጨትህ በፊት ወረቀት አውጣና የቀረውን ጻፍ፦ አንቴና፣ ጎማ፣ የኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) መስታወት ላይ ያለው የመሸፈኛ ቴፕ፣ ሌላም ካለ። ሞዴሉን በሚቀመጥበት ብርሃን፣ በክንድ ርቀት ያዘውና እያዞርክ እየው። ከዚያ ርቀት የማይታይ ነገር ዝርዝሩ ላይ አይገባም። አጉልተህ ብታይ ሁልጊዜ ጥፋት ታገኛለህ፣ እኔም የራሴ ላይ አገኛለሁ። 1/48 ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ማለት እውነተኛው አውሮፕላን ላይ 24 ሚሊሜትር ነው። አንተ «ትንሽ» ብለህ ያጠቆርከው መስመር እውነተኛው ላይ ቢሆን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ለዚህ ነው ዋሽ (መስመሮቹን ለማጥቆር የሚፈስ ቀጭን ጥቁር ቀለም) ሲበዛ ሞዴሉ መጫወቻ የሚመስለው።

ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ ሠርተህ የመጨረሻው ማት ከደረቀ በቃ፣ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣልህን ሐሳብ ለሚቀጥለው ኪት ጻፈው እንጂ እዚህኛው ላይ ብሩሽ አታንሳ። ለየት የሚለው የተሰበረ ወይም የተላቀቀ ነገር ነው፣ እሱ ጥገና ነው። የኮክፒቱ መስታወት ከተላቀቀ ግን በሱፐር ግሉ እንዳትለጥፈው፣ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል፤ ነጩ የእንጨት ኮላ ይበቃዋል።