የኮሞዶር 64 ማሳያ ፕሮግራም (ዴሞ)፦ ሙዚቃው ለምን ይፈጥናል? ቀለሙስ ለምን ይንቀጠቀጣል?

አንድ የጅማ ሕርማታ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «አጎቴ ከጀርመን ባመጣው ኮሞዶር 64 በተባለ የድሮ የቤት ኮምፒውተር ላይ ልጅ ሆነን የምናየው ማሳያ ፕሮግራም ነበር፤ ባለ ቀለም መስመሮች ከሙዚቃ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። አሁን ቫይስ በሚባለው ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም) መልሼ እየሠራሁት ነው። የላፕቶፔ ስክሪን 60 ኸርዝ ስለሆነ የማሽኑን ሞዴል ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት) አደረግኩት። ሙዚቃው ፈጠነብኝ፣ የቀለሞቹም ዳር ይንቀጠቀጣል። ዋናውን ማሽን አውጥቼ ልሰካው?»

ኮዱን ከመንካትዎ በፊት ሞዴሉን ወደ ፓል (የአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት) ይመልሱት። የአጎትዎ ማሽን የአውሮፓ ስለሆነ በሴኮንድ 50 ምስል ነው የሚያወጣው። የዚያ ዘመን የሙዚቃ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ በየምስሉ አንድ ጊዜ ይጠራል፤ 60 ሲሆን ዜማው በ20 በመቶ ይፈጥናል። ቃናውም ከፍ ይላል፤ የድምፅ ቺፑ የሚሠራው በማሽኑ ክሎክ (የሥራ ምት) ነውና። ክሎኩ በፓል 985,248፣ በኤንቲኤስሲ 1,022,727 ኸርዝ ነው፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሴሚቶን (ፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት ግማሽ) ይበልጣል። ዜማውን በልጅነቱ የሰማ ጆሮ ይህን አያልፈውም። ስክሪንዎ 60 መሆኑ የሚያመጣው እንቅስቃሴው አልፎ አልፎ ቆረጥ ማለቱን ብቻ ነው፤ እሱን ይቻሉት።

ፓል ላይ ሲመለሱ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ምስሉ 312 መስመር አለው፤ አሁን እየተሳለ ያለውን መስመር የሚነግረው የሜሞሪ አድራሻ 53266 የሚቆጥረው ግን እስከ 255 ብቻ ነው፣ ከዚያ ከ0 ይጀምራል። ቁጥሩ ከ255 ማለፉን የሚነግረው ዘጠነኛው ቢት ያለው አድራሻ 53265 ውስጥ ነው። ስለዚህ ሙዚቃውን መስመር 20 ላይ ከጠሩት 276 ላይም ይጠራና በእጥፍ ይሮጣል። 250 ላይ ይጥሩት።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው የሚፈለገው መስመር እስኪደርስ ከሚጠብቀው ሉፕ (ራሱን ከሚደጋግም ኮድ) ነው። 53266ን አንብቦ፣ አወዳድሮ፣ እስኪመለስ 9 ዑደት (የክሎክ ምት) ይፈጃል፤ መስመሩ መቀየሩን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ ያያል። በአንድ ዑደት ምስሉን የሚስለው ጨረር 8 ፒክሰል ስለሚሄድ የቀለሙ ዳር እስከ 64 ፒክሰል ይዘላል። ከሉፑ ቀጥሎ ኖፕ (ጊዜ ከመፍጀት በቀር ምንም የማይሠራ ትእዛዝ) ይጨምሩ፤ አንዱ 2 ዑደት ነው። እየጨመሩ ሲያዩ የሚዘለው ዳር ወደ ቀኝ እየሸሸ ሄዶ ከስክሪኑ ይወጣል። እዚያ ጋ ያቁሙ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ስህተቱን በዓይንዎ እያዩ ከቦታው ገፍተው ያስወጡታል።

ከዚያ በኋላም በየ8 መስመሩ የሚበላሽ ከቀረ ጥፋቱ የእርስዎ ኮድ አይደለም። በእነዚያ መስመሮች ላይ የቪዲዮ ቺፑ ፊደላቱን ለማንበብ ከ63ቱ ዑደት 40 ያህሉን ይወስዳል። ለማረጋገጥ የ53265ን ዋጋ ከ239 ጋር በኤንድ (ቢቶችን በሚያጠፋ ትእዛዝ) አድርገው መልሰው ይጻፉት። ጽሑፉ ጠፍቶ ቀለሙ ቀጥ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ለእነዚያ መስመሮች አጠር ያለ ማዘግያ የያዘ ሠንጠረዥ ያዘጋጁላቸው።

የአጎትዎ ማሽን ቡናማና ድቡልቡል ከነበረ ቫይስ ውስጥ የድምፅ ቺፑን ሞዴል 6581 ያድርጉት። የሌላው ሞዴል፣ የ8580፣ ፊልተር ሌላ ድምፅ ነው የሚሰጠው።

ዋናውን ማሽን በድሮው ፓወር ሰፕላይ በፍጹም አይሰኩት። ሲያረጅ 5 ቮልቱ ከፍ እያለ የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። በመልቲሜትር ለክተው 5 ቢያገኙም አይመኑት፤ ጭነት ሲይዝና ሲሞቅ ሊለወጥ ይችላል። አዲስ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ እስኪያገኙ ማሽኑን የጅማ ክረምት እርጥበት ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። ሲያገኙ ከመሰካትዎ በፊት ይዘውልኝ ይምጡ፤ ቺፖቹን ከሶኬታቸው አንስተን እግሮቻቸውን እናጸዳለን።