የፓይን ዘር ለምትመርጡ ወጣቶች

በጎጃም ችግኝ ጣቢያዎችና በደን ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆቼ፤

በአዊ ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዝርያ ማሳ ላይ በሽታ ወርዶ፣ ለከሰል የታሰበው ዛፍ ቆሞ ሲደርቅ አይታችኋል። አንድ ዝርያ ብቻውን አገር ሲሸፍን፣ በሽታ ከማሳ ማሳ ሲሻገር የሚያግደው አያገኝም። መርፌ መሰል ቅጠል ያለውን ፓይን ስትተክሉም ይህን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የራዲያታ ፓይን ዶቲስትሮማ በሚባል የቅጠል ፈንገስ ሲጎዳ፣ ፓቱላ የሚባለው ሌላ የፓይን ዝርያ በደህና ተርፎ ነበር። ያው ፓቱላ ግን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ችግኝ ጣቢያ ላይ በታየው የፉሳሪየም በሽታ ክፉኛ ተጠቃ። አዳቃዮቹ በሽታውን ከሚችለው ከቆላው ቴኩኑማኒ ፓይን ጋር ወደ ማዳቀል የሄዱት ለዚህ ነው። ስለዚህ «በሽታ የሚችል ዛፍ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ የትኛውን በሽታ ብላችሁ ጠይቁት።

ሙጫ ከፈለጋችሁ ከፓቱላ አትጀምሩ። የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ከሙጫው የሚወጣው ዘይት፣ ተርፐንታይኑም፣ ፌላንድሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ገዢ አይወደውም። ኤሊዮቲና ካሪቢያ የሚባሉት ፓይኖች ይሻላሉ። ሙጫ ሙቀት ይወዳል፤ ብርድ ሲጠና ይወፍርና ይቆማል። የእንጅባራ ደጋ ለፓቱላ ግንድ ይመቻል፤ የሙጫ ሙከራን ግን እኔ ወረድ ብዬ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ወይና ደጋ ብጀምረው እመርጣለሁ።

ሙጫ ለእኛ ሮዚን (ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ደረቅ ሙጫ) እና ተርፐንታይን ነው፤ ለዛፉ ጋሻው ነው። ጢንዚዛ ቅርፊቱን ሲበሳ በግፊት የሚወጣው ሙጫ ነፍሳቱን ገፍቶ ያስወጣል፣ አጣብቆ ይይዛል፣ ቁስሉንም ይደፍናል። ከዚህ ተነስቶ ሙጫው የበዛ ሁሉ ተባይ ይችላል ማለት ግን ስህተት ነው። ክሽክሽ የቅርፊትና የቅጠል ጭማቂ መጣጭ ነው፤ ግንዱ ሲቆረጥ ብዙ ሙጫ መፍሰሱ ክሽክሹን ላያስቆመው ይችላል። ሁለቱን ጠባይ ለየብቻ ለኩ።

ወደ እናት ዛፍ ምርጫ ልምጣ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ዘር ለቃሚ ለመውጣት የሚቀለውን፣ ቅርንጫፉ ከታች የሚጀምረውን፣ ዘር የሚይዘው ኮኑ የተንዠረገገውን ዛፍ ይመርጣል። አጭርና ጠማማው ዛፍ በዚህ መንገድ የሚቀጥለው ደን እናት ይሆናል። እናንተ ዕድሜው እኩል ወደሆነ ተክል ግቡ። በዳር ያለውንና ጎረቤቱ የተቆረጠበትን እለፉት፤ የወፈረው ብርሃን ስላገኘ ሊሆን ይችላል። ዕጩውን በአቅራቢያው ካሉ አምስት ጥሩ ጥሩ ዛፎች ጋር በቁመት፣ በውፍረትና በግንድ ቀጥተኛነት አነጻጽሩ። ከአንድ ሥፍራ ጎን ለጎን ሁለት አትውሰዱ፤ የአንድ እናት ልጆች ከሆኑ ኋላ የሚወለደው ዘር ደካማ ይሆናል።

ሙጫውን ለመመዘን ዛፉን ለወራት ማድማት አያስፈልግም። በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ቅርፊት በመብሻ አንሱ፤ እስከ እንጨቱ ድረስ ብቻ። ከሥሩ ትንሽ ጠርሙስ እሰሩና ከ24 ሰዓት በኋላ መዝኑ። በተቃራኒው ጎንም ድገሙ። ዕጩውና አምስቱ ጎረቤቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት መበሳት አለባቸው፤ ዛሬ በፀሐይ የተለካው ነገ በደመና ከተለካው ጋር አይወዳደርም። ወፍራም ግንድና ሰፊ አናት ያለው ዛፍ ብዙ ማፍሰሱ አይደንቅም፤ የምትፈልጉት በውፍረቱ ከሚጠበቀው በላይ የሚሰጠውን ነው። የመተማን ዕጣን አድሚ ያያችሁ፣ የዕጣን ሙጫ በቅርፊት ውስጥ እንዳለ ታውቃላችሁ። የፓይን ግን በዋናነት ከእንጨቱ ቱቦዎች ይመጣል፤ ሆኖም እንጨቱን መቦርቦር ግንዱን ያበላሻል እንጂ ትርፍ የለውም።

ተባይን መቻል ከዚህ ይከብዳል። በተጠቃ ደን መካከል ለምልሞ የቆመ ዛፍ ተባዩን የቻለ ሊሆን ይችላል፤ ተባዩ ያልደረሰበትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከዛፉ የተገኙ ችግኞችን ፈትኑ፤ በእያንዳንዱ ላይ እኩል ቁጥር ክሽክሽ አድርጋችሁ በስስ ጨርቅ ሸፍኑና በየሳምንቱ ቁጠሩ። ጎን ለጎን በቀላሉ እንደሚጠቃ የታወቀ ችግኝ ይኑር፤ እሱም ካልተጠቃ ፈተናው ራሱ ወድቋል።

የተመረጠውን ለማባዛት ከዛፉ አናት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንበጥ፣ ቡቃያው ሳይነቃ ቆርጣችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ እርሳስ በሚያክል የዚያው ዝርያ ችግኝ ላይ አጣብቁት። በብዛት የሚከሽፈው በሦስት ምክንያት ነው፦ ቀንበጡ መንገድ ላይ ይደርቃል፣ ከቅርፊት ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን በአንድ ጎን እንኳ አይገጥምም፣ ወይም ማሰሪያው ሳይፈታ ቀርቶ ግንዱን ያንቀዋል። ደህና ይዞ ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ ቅጠሉ የሚገረጣም አለ፤ የእናት ዛፉን የራሱን ዘር ከሥር መጠቀም ይህን ይቀንሰዋል። የተጣበቁት የሚተከሉበት የዘር ማምረቻ ቦታ፣ ለዘር ካልተመረጡ የፓይን ዛፎች ይራቅ፤ ብናኙን ነፋስ ስለሚያመጣው የልጆቹ አባት የማይታወቅ ይሆናል። ከብናኝ እስከ በሰለ ኮን ሁለት ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ ችኮላ አይጠቅምም።

አገራችን «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይላል። በዛፍ ሥራ ይህ ይገለበጣል፤ ልጆቹን አይታችሁ ነው እናቲቱን የምታጸድቁት። የእያንዳንዷን እናት ዘር ለብቻው አፍሉ፣ ለብቻው ትከሉ። ቢያንስ አራት ወይም አምስት ብሎክ፣ ማለትም የሁሉም እናቶች ልጆች የሚገኙበት የማሳ ክፍል፣ አድርጉ፤ በየብሎኩ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይሁን፤ ችግኝ ጣቢያው በተለምዶ የሚያፈላውም ለማነጻጸሪያ ይግባ። በዙሪያው ሁለት መስመር ጠባቂ ዛፍ ትከሉ፤ ከብት መጀመሪያ የሚያገኘው ዳሩን ነው። በአምስተኛው ዓመት ልጆቿ ከማነጻጸሪያው ያልበለጡባትን እናት፣ መልኳ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከዘር ማምረቻው አውጧት። ይህን ለማድረግ ብዙ ባለሙያ ይሳሳል፤ ሥራው ፍሬ የሚያጣውም በዚህ ስስት ነው።

የእናቶቹን ቁጥር በቀለም ብቻ አትጻፉ፤ ሁለት ክረምት አይችልም። በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ በምስማር ጫሩትና ግንዱ ላይ ቸንክሩት፤ ምስማሩን ግንዱ ሲወፍር እንዳይውጠው ጫፉን ወጣ አድርጉ። ካርታውን በሦስት ቅጂ ሥሩ፦ አንዱ ችግኝ ጣቢያው፣ አንዱ ወረዳው፣ አንዱ እናንተው ዘንድ ይቀመጥ። ቁጥሩ የጠፋበት የሙከራ ተክል ማገዶ እንጂ ዘር አይሆንም።