እንቁላል፣ ወተትና ለውዝ የሌለው የፋሲካ ጣፋጭ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዘንድሮ ሴዴሩ፣ የአይሁድ ፋሲካ የመጀመሪያው ምሽት ማዕድ፣ አንቺ ቤት ነው። ወንድምሽ ያገባት ልጅ ቤተሰቦች አሽከናዚ፣ ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ አይሁዶች፣ ናቸው፤ አብሯቸው የሚመጣው የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ ለእንቁላል፣ ለወተትና ለለውዝ አለርጂ አለበት። ያየሽው የፋሲካ ኬክ ሁሉ ወይ 8 እንቁላል ይላል ወይ ግማሽ ኪሎ አልሞንድ። «ታዲያ ምን ልጋግር?» ነው ያልሽው። ትልቋ ልጄ ለእንቁላልና ለለውዝ ዓይነት ሁሉ አለርጂ ናት። 11 ፋሲካ እንዲህ አሳልፈናል። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለልጁ ለብቻው ትንሽ ሳህን አታዘጋጂለት። ልጄ 5 ዓመቷ እያለ ሰው ቤት ተጋብዘን ነበር። ለሁሉም ኬክ ተቆረሰ፣ ለእሷ በፌስታል የመጣ ፖም ተሰጣት። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። መኪና ውስጥ ግን «እማዬ፣ እኔ እንግዳ አልነበርኩም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ደንብ አንድ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ጣፋጭ ሁሉ እሷ የምትበላው ይሆናል። ለጥንቃቄም የሚሻለው ይኼ ነው። አንዱ ማንኪያ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ማን ይጠብቃል?

አሁኑኑ ለልጁ እናት ደውዪላት። በአማርኛ ለውዝ ስንል አንዱ ኦቾሎኒ ይመስለዋል፣ ሌላው አልሞንድ። ስለዚህ በዕብራይስጥ ለይተሽ ጠይቂ። ቦትኒም (ኦቾሎኒ) ነው? ሽኬዲም (አልሞንድ) ነው? ወይስ ኤጎዚም (እንደ ዋልነት ያለው) ሁሉ? ሰሊጥስ? ኮኮናት ይበላል? ብዙ የለውዝ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ኮኮናት ይበላሉ፣ የማይበሉም አሉ። ግሉተንንም ጠይቂ። «የተጋገረ እንቁላል ትንሽ ይችላል» ብትልሽ እንኳ በበዓል ማታ አትሞክሪው። ያ የሐኪም ሥራ ነው።

ስልኩን ሳትዘጊ ስለ ኪትኒዮትም፣ ማለት ስለ ጥራጥሬና መሰሎቹ፣ አንሺ። ብዙ አሽከናዚዎች በፋሲካ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ አይበሉም። እኛ ቤት የሽምብራ ቆሎ የሌለበት ፋሲካ ስለማናውቅ ይኼን እንረሳዋለን። ጣፋጭ ላይ ግን ይመጣል። ተራው ቤኪንግ ፓውደር ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስታርች አለበት፤ ለፋሲካ የሚሸጠው በድንች ስታርች የተሠራ ነው። «የሽምብራ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ይመታል» የሚል ምክርም ይደርስሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ የታሸገ ሽምብራ ውሃ አረፋው ያምራል፤ ለቤቴ እሠራዋለሁ። ለአንቺ እንግዶች ግን አይሆንም። ጤፍም እንደዚሁ። ቦክተው በፋሲካ ከሚከለከሉት አምስቱ እህሎች (እንደ ስንዴና ገብስ) ውስጥ የለበትም፣ ግሉተንም የለውም፤ ቢሆንም ለዚህ ሴዴር አታምጪው። ከመጀመሪያው ምሽት ክርክር ምን ያደርግልሻል? አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ማጻ፣ ያልቦካው የፋሲካ ቂጣ፣ ከውሃ ጋር ከተነካካ አይበላም። ይኼንንም ጠይቂያት።

አሁን ወደ ኬኩ። ኬክ የሚባለውን ነገር ዘንድሮ ተዪው። ይኼን የምልሽ ሦስት ዓመት ከደከምኩበት በኋላ ነው። ማጻ ዱቄትና ውሃው ከተገናኙ በ18 ደቂቃ ውስጥ ተጋግሮ የሚያልቅ ቂጣ ነው። የማጻ ዱቄት ማለት ያው ቂጣ ተፈጭቶ ነው። አንዴ የበሰለ ዱቄት እንደ ጥሬው አይለጠጥም፣ አየርም አይዝም። የፋሲካን ኬክ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እንቁላሉ ነው። አንድ እንቁላል በግማሽ ሙዝ፣ ወይም በ3 ማንኪያ ውሃ በተነከረ 1 ማንኪያ የተፈጨ የቺያ ዘር ሊተካ ይችላል። ስምንት እንቁላል ግን አይተካም። አንድ ዓመት በድንች ስታርችና በ4 ሙዝ ሠራሁ። ከውጭ ቡናማ ሆኖ አማረ፣ ከውስጥ እንደ ሙጫ ተያያዘ። ልጄ ደስ እንዲለኝ ብላ በላችው። እሱ ነው ልቤን የነካኝ።

ስለዚህ ድሮውኑ እንቁላል የማይፈልገውን ምረጪ። የእኛ ቤት ንጉሥ የቸኮሌትና የኮኮናት ወተት ጣፋጭ ነው። አንድ ቆርቆሮ፣ 400 ሚሊ ሊትር፣ የኮኮናት ወተት ውሰጂ። ስቡ ከ17 በመቶ በላይ የሆነውን ምረጪ፤ ቀጭኑ አይረጋም። 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት አድቅቀሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጊ። ወተቱን አሙቂና ጫፍ ጫፉ መፍላት ሲጀምር አውርደሽ ቸኮሌቱ ላይ አፍስሺ። 2 ደቂቃ አትንኪው። ከዚያ ከመሐል ጀምረሽ በቀስታ አማስዪ። መጀመሪያ የተበጣጠሰ ይመስላል፤ አትደንግጪ፣ ይያያዛል። ቁንጥር ጨው ጨምሪ። ወደ 10 ሲኒ ይሞላል፤ የፋሲካ ሲኒ ከሌለሽ ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃል። ቢያንስ 4 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ከዋዜማው ብትሠሪው ደግሞ ይበልጥ ይረጋል። ማጻ የለበትም፣ ግሉተን የለበትም፣ እንቁላል የለበትም። ለ14 ሰው እጥፍ አድርጊው።

ሁለተኛው ማጻ በካራሜል ነው፤ ልጆች የሚጣሉበት ይኼ ነው። ትልቅ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፊ፣ 5 ማጻ ደርድሪ፣ ክፍተቱን በስባሪ ሙዪ። 200 ግራም ወተት የሌለው ማርጋሪንና 200 ግራም ቡናማ ስኳር አቅልጠሽ፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እያማሰልሽ አቆዪው። ማጻው ላይ አፍስሺና በ175 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሪ። በምድጃው በር በኩል እያየሽ ጠብቂው፤ ካራሜል ከወርቃማ ወደ ጥቁር ሲሄድ አያስጠነቅቅም። ስታወጪው 200 ግራም የተከተፈ ቸኮሌት በትኚበት፣ 5 ደቂቃ ጠብቀሽ በማንኪያ ቅቢው። ሲቀዘቅዝ ሰባብሪው። ትኩስ ስኳር ክፉኛ ያቃጥላልና ልጆቹን ከምድጃው አርቂ። ማጻ ከእርጥብ ነገር ጋር የማይበሉ ከሆኑ ግን ይኼን ዝለዪው።

ጊዜ ከተረፈሽ ተምር 300 ግራም፣ የኮኮናት ፍርፋሪ 100 ግራምና 3 ማንኪያ ካካዎ ፈጭተሽ አድቦልቡዪው። እሳት አይፈልግም፣ ልጆች ያግዙሻል። ሐሮሴቱንም፣ በሴዴር የሚቀርበውን የፍራፍሬ ድብልቅ፣ ያለ ለውዝ ሥሪው። ተምር፣ ፖም፣ ቀረፋና ወይን ብቻውን ይጣፍጣል።

ወተቱ ከሁሉ ቀላሉ ነው። በሴዴር ሥጋ ስለሚቀርብ ጣፋጩ ፓርቬ፣ ሥጋም ወተትም የሌለበት፣ መሆን አለበት፤ ቅቤ ድሮም አይገባም። ግን አደራ፣ ፓርቬ ማለት ለአለርጂ ልጅ «ወተት ፈጽሞ አልነካውም» ማለት አይደለም። ጥቁር ቸኮሌት ብዙ ጊዜ ወተት ባለፈበት ማሽን ይሠራል። ማሸጊያው ላይ ከታች «ሜኺል» የሚለውን አንብቢ፤ ይይዛል ማለት ነው። ቀጥሎ «ዐሉል ለሀኺል» ካለ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ልጅ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ መልሺው። ከፊት ለፊት ደግሞ «ሌኦኽሌይ ኪትኒዮት ቢልባድ»፣ ኪትኒዮት ለሚበሉ ብቻ፣ ካለ ለአሽከናዚ እንግዶችሽ አይሆንም። አምና የገዛሽው ምርት ቢሆንም ዘንድሮ እንደገና አንብቢ። የሚሠሩበት ነገር ይለወጣል።

ከመጋገሪያ ቤት የተገዛ ነገር አታስገቢ። ይኼን በጣም በጽኑ ነው የምልሽ። ልጄ 3 ዓመቷ እያለ ከአንድ መጋገሪያ ቤት የኮኮናት ኩኪስ ገዛሁ። ሴትዮዋን ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት፤ እንቁላልም ለውዝም የለበትም አለችኝ። ልጄ ግማሹን ሳትጨርስ ከንፈሯ አበጠ፣ ማሳል ጀመረች። ኤፒፔን፣ የአለርጂ አስቸኳይ መርፌ፣ ወጋናት፣ 101 ደወልን፣ አምቡላንስ መጣ። ተመስገን፣ ዳነች። በኋላ ስጠይቅ ኮኮናቱ የተፈጨው ዋልነት በሚፈጩበት ማሽን ነው። ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ የምታውቀው የምግብ አሠራሩን ብቻ ነበር።

ያን ሳምንት እናቴ ከእኛ ጋር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ ቤተ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ባመጣው በረራ፣ ከመምጣቷ በፊት ፋሲካን የምታከብረው ጎንደር ገጠር ውስጥ ነው። ለበዓሉ አዲስ ሸክላ ይወጣል፤ የቦካ ነገር ያደረበት ዕቃ አይነካም። ቂጣው በየቀኑ ትኩስ ይጋገራል፣ ሊጡ ሳያርፍ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ዝም ብላ ስታስብ ቆየችና «ስለ ቦካው ብለን አዲስ ሸክላ እናወጣ የለም? ለልጅቷስ ብናወጣላት?» አለችኝ። ሐኪሞቹ በብዙ ቃል ያስረዱኝን እሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ከፋሲካ ዕቃዬ ጋር የሚቀመጥ አንድ ትሪ፣ አንድ ድስት፣ አንድ መፍጫና ሁለት የእንጨት ማንኪያ አለኝ። እንቁላል ነክቷቸው አያውቅም፣ ለውዝም አያውቃቸውም። አንቺም ለበዓሉ ቤቱን ማጽዳትሽ አይቀርም፤ አዲስ የሚገዛው ዕቃ መጀመሪያ ለዚህ ልጅ ይዋል። መፍጫ መግዛት ከከበደሽ የተምሩን ኳስ ተዪው፤ በአሮጌ መፍጫ አትሥሪው።

ጣፋጩን ከሁሉ በፊት ሥሪው፤ ዓሣውና ሥጋው ሳይጀመር፣ እንቁላል ሳይቀቀል። ከድነሽ ፍሪጅ ላይኛው መደርደሪያ አድርጊ፣ ምንም ነገር እንዳይንጠባጠብበት። የሴዴሩ ሳህን ላይ የሚቀመጠው እንቁላል ከልጁ ራቅ ይበል። እንቁላል የላጠ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ማጻ እንዳያድል ለሁሉም ንገሪ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ከአፊቆማን፣ ማዕዱን ከሚዘጋው የማጻ ቁራሽ፣ በኋላ ምግብ ስለማይበላ ጣፋጩ ከዚያ በፊት መቅረብ አለበት። በዚያ ሰዓት ልጆች ዓይናቸው በእንቅልፍ ተሞልቷል፤ ትንንሽ ሲኒ ያልኩሽ ለዚህም ነው። የልጁ እናት ኤፒፔኑን የት እንዳስቀመጠች አንቺም እወቂ። ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ካፖርት ክምር ስር እንዳይቀበር።

ቸኮሌቱንና ማርጋሪኑን ስትገዢ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ላኪልኝ። ማታ ማታ ልጆች ሲተኙ አነብልሻለሁ።