ጥርት ያለው ሐይቅ ለምን ዓሣ አጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? በአሲድ ዝናብ «ሞተ» የተባለ ሐይቅ ፎቶ አይቼ ግራ ገባኝ። ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሳ ከታች ያሉት ድንጋዮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ይሄ እንዴት ሞተ ይባላል? አሲዱስ ዓሣዎቹን ያቃጥላቸዋል? ሰው ቢዋኝበትስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ይዋኙ፣ ቆዳዎን አይልጠውም። አሲድ ሲባል የባትሪው ትዝ ስለሚለን ነው የምንደነግጠው። ንጹሕ ዝናብ ራሱ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.6 ገደማ ነው። ከድንጋይ ከሰል ማመንጫና ከመኪና የሚወጣው ሰልፈርና ናይትሮጅን ያለበት ጋዝ ሲቀላቀልበት ወደ 4.3 አካባቢ ይወርዳል። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች አይደል? ግን ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል።

ጥራቱ ነው ሰውን የሚሸውደው። ጤነኛ ሐይቅ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይደፈርሳል፤ የበሰበሰ ቅጠል ቡናማ ቀለሙን ይለቅበታል፣ በዓይን የማይታዩ ተክሎችም ይንሳፈፉበታል። አሲዱ ሲበዛ ያ ቀለም ይጠፋና ውሃው መስታወት ይመስላል።

ዓሣው ደግሞ አይቃጠልም፤ ብዙውን ጊዜ ታፍኖ ነው የሚሞተው። ዋናው ገዳይ አሉሚኒየም ነው። አፈር ውስጥ ተጣብቆ ማንንም ሳይነካ የኖረውን አሉሚኒየም አሲዱ ያሟሟውና ጎርፉ ወደ ሐይቁ ይዞት ይገባል። እዚያ የዓሣው ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻው፣ ላይ ይለጠፋል። ስንጥቡ ራሱን ለመከላከል ንፍጥ ያመነጫል፣ ንፍጡ እየወፈረ ኦክስጅን መግቢያ ይዘጋል፣ በዚያ ላይ የደሙ ጨው ወደ ውሃው እየፈሰሰ ያልቃል።

ከዚያ በፊት ግን የሚያልቁት ልጆቹ ናቸው። ፒኤች 5 ላይ የአብዛኞቹ ዓሣዎች እንቁላል አይፈለፈልም። እዚህ ጋ አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ዓሣ አጥማጁ ለተወሰኑ ዓመታት ደስተኛ ነው፤ መረቡ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ትልልቅ ነዋ! ያረጁት ብቻ እንደቀሩ የሚገባው ዘግይቶ ነው።

ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆን ብለው አንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ አሲድ እየጨመሩ ለዓመታት ተከታተሉት። ሐይቅ 223 ይባላል። ፒኤቹ 6 አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም ገና ምንም ያልሆነ በሚመስልበት ሰዓት፣ ትራውት የሚባሉት ዓሣዎች የሚበሏቸው ጥቃቅን ሽሪምፖች ድራሻቸው ጠፋ። ትራውቶቹ አልሞቱም፣ ከሱ። አጥንታቸው እስኪቆጠር ድረስ። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማይረሳኝ ይሄ ነው፤ ያከሳቸው አሲዱ ራሱ ሳይሆን ረሃቡ ነው ማለት ይቻላል።

ሁሉም ሐይቅ ግን እኩል አይጎዳም። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ያለው አሲዱን ያበርድለታል፤ ግራናይት ላይ የተኛው መከላከያ የለውም። ስዊድኖች ለዚህ ነው ሐይቆቻቸው ላይ የተፈጨ ኖራ ሲበትኑ የኖሩት። ይረዳል፣ ግን ጋዙ ካልቀነሰ ኖራው ባለቀ ቁጥር እንደገና መበተን ነው።

አሁን ወደ ፎቶዎ ይመለሱና ዳር ዳሩን ይዩ። ቀንድ አውጣ አለ? ቅርፊቱ የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ ቶሎ ከሚጠፉት አንዱ እሱ ነው።